ሠሪዎችን ያስተማሩ ሞዴል የባቡር መስመሮች

ሞዴል የባቡር መስመር ማለት እውነተኛው ባቡር፣ ሐዲዱ፣ ጣቢያውና አካባቢው በአንድ ወጥ ልክ አንሰው የተሠሩበት፣ ባቡሮቹም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሱበት ሥራ ነው። ከልጆች መጫወቻ የሚለየው በሦስት ነገር ነው፦ ተራራውም ቤቱም ሰውም በተመሳሳይ ልክ ይመጠናል፤ መስመሩ የታወቀ ወይም የታሰበ ቦታንና ዘመንን ይወክላል፤ ባቡሮቹም እንደ እውነተኛው ምድር ባቡር ጭነትና ተሳፋሪ ለማድረስ ይሄዳሉ። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን ብዙ ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን የሚሰጡት ሙያ ከሆነ ቆይቷል። ከተሠሩት እጅግ ብዙ መስመሮች ውስጥ ጥቂቶቹ ስማቸው ከሠሪዎቻቸው ቤት አልፎ ተሰምቷል። ለዚህ ያበቃቸው ከስፋታቸውና ከወጣባቸው ገንዘብ ይልቅ ያፈለቁት ሐሳብ ነው። እያንዳንዳቸው ሌላው ሠሪ ወስዶ በራሱ ክፍል ውስጥ ሊሠራበት የሚችል አንድ ትምህርት ትተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልክና ርቀት

የሙያው መሠረት ልክ ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ የሐዲድ ስፋትን በደረጃ ለይቶ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ የተገዙ ባቡሮችና ሐዲዶች እርስ በርስ መገጣጠም ቻሉ። ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ የተለመደው ኤችኦ የሚባለው ልክ ነው፤ እውነተኛውን ነገር 87 ጊዜ ያሳንሳል። በመሆኑም 1.435 ሜትር ስፋት ያለው መደበኛ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኤን የሚባለው 160 ጊዜ ስለሚያሳንስ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጠባብ ቤት ያላቸው ይመርጡታል። በሌላው ጫፍ ያለው ኦ በአሜሪካ 48 ጊዜ ብቻ ያሳንሳል። ባቡሩ ገዘፍ ያለ፣ ዝርዝሩም የሚታይ ሲሆን የሚጠይቀው ቦታ ግን ሰፊ ነው።

ልክ ሲቀነስ ርቀት በዚያው መጠን አጥሮ ክፍል ውስጥ የሚገባ ሊመስል ይችላል። በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር መስመር ይህ እንደማይሆን ያሳያል። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመትና የ1 ሜትር የሐዲድ ስፋት ነበረው። በኤችኦ ልክ ቢሠራ ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለው ጠበብ ያለ ሐዲድ ራሱን የቻለ የሞዴል ደረጃ አለ። ርዝመቱ ግን 9 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንድ እውነተኛ ኪሎ ሜትር ብቻውን 11.5 ሜትር ይፈልጋል፤ ይህም ከአብዛኛው መኖሪያ ቤት ክፍል ርዝመት ይበልጣል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ሁሉ መምረጥና ማሳጠር ግዴታው ነው። የትኛው ጣቢያ ይቅር? የትኛው ድልድይ ይቆይ? ባቡሩ ሩቅ የሄደ እንዲመስል ምን ይደረግ? ታላላቆቹ መስመሮች የሚለያዩት ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰጡት መልስ ነው።

ሐዲዱ መድረክ፣ ባቡሩ ተዋናይ

ከቀደሙት መልሶች አንዱ የመጣው ከአሜሪካዊቷ ኒው ኦርሊንስ ነው። ፍራንክ ኤሊሰን በዚያች ከተማ ዴልታ ላይንስ የተባለ በኦ ልክ የተሠራ መስመር ነበራቸው። በዘመናቸው ብዙዎቹ ሠሪዎች ሎኮሞቲቩን አሳምሮ መሥራትን የሙያው ፍጻሜ አድርገው ያዩ ነበር። ኤሊሰን በ1944 በሞዴል ሬልሮደር መጽሔት ላይ ባወጧቸው ተከታታይ ጽሑፎች ሌላ አስተሳሰብ አመጡ። መስመሩን እንደ ቴአትር አዩት፦ ሐዲዱና መልክዓ ምድሩ መድረክ፣ ባቡሮቹ ተዋንያን፣ የጉዞ ሰሌዳው ደግሞ ድርሰቱ። ተዋናይ ያለ ምክንያት መድረክ ላይ እንደማይወጣ ሁሉ፣ የጭነት ባቡርም ያለ ምክንያት ከጣቢያ መነሣት የለበትም። ፉርጎው የሚያደርሰው ዕቃ፣ ዕቃውም የሚጠብቀው ፋብሪካ ሊኖር ይገባል።

ይህ ሐሳብ የሠሪውን ሥራ ለወጠው። ባቡር ክብ ሐዲድ ላይ ሲዞር ማየት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሰለቻል። ፉርጎዎችን ለያይቶ ለየፋብሪካው ማድረስ፣ ባዶዎቹን መሰብሰብ፣ ከፊት የሚመጣውን የተሳፋሪ ባቡር አሳልፎ በሰዓቱ መነሣት ግን አእምሮን ለሰዓታት የሚይዝ ሥራ ነው። የዛሬ ሠሪዎች ቦታ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ባቡሮቹ እዚያ ምን ሥራ እንደሚኖራቸው ነው። ጥያቄው ከኤሊሰን የተወረሰ ነው።

መልክዓ ምድርና ትዝታ በእንግሊዝ

እንግሊዛዊው ጆን አኸርን በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀመሩት ማደር ቫሊ የተባለው መስመር ደግሞ ዓይንን ከሐዲዱ ወደ አካባቢው መለሰ። ከዚያ በፊት በብዙ መስመሮች ላይ ከሐዲዱ ውጭ ያለው ቦታ ባዶ ሳንቃ ወይም ለይስሙላ የተቀባ አረንጓዴ ቀለም ነበር። አኸርን ግን ትንሽ የገጠር ባቡር ከወደብ ተነሥቶ በመንደሮችና በእርሻ መካከል የሚያልፍበትን አንድ ሙሉ ሸለቆ ሠሩ። ቤቶቹ፣ አጥሮቹ፣ ጎዳናዎቹና ዛፎቹ ከባቡሩ እኩል ትኩረት አገኙ። አሠራሩን በመጻሕፍት ስላስተማሩም ሌሎች በካርቶንና በቀለም እንዲህ ያለ መንደር መሥራት ቻሉ።

ማደር ቫሊ ዛሬ የሚገኘው በኦክስፎርድሺር ግዛት ሎንግ ዊተንሃም በምትባል መንደር ባለው የፔንደን ሙዚየም ነው። ሙዚየሙን የመሠረቱት ሮይ ኢንግላንድ በአውስትራሊያ ተወልደው በ1925 ወደ እንግሊዝ የመጡ ሰው ነበሩ። የነጩ ፈረስ ሸለቆ የሚባለውን አካባቢ ወደዱት። የሣር ክዳን ያላቸው ጥንታዊ ቤቶች በየዓመቱ ሲፈርሱና መልካቸውን ሲያጡ ሲያዩ ግን አዘኑ። ቤቶቹን ማዳን ባይችሉ መልካቸውን ለማቆየት ወሰኑ። ቤቶቹን እየለኩ፣ ፎቶ እያነሡና እየመዘገቡ 76 ጊዜ አሳንሰው መሥራት ጀመሩ። ሙዚየሙ በ1954 ከተቋቋመ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ቀጥለዋል።

በፔንደን የሚታየው ትዕይንት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የነበረውን የገጠር ኑሮ ይወክላል። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ወቅት በእውን የቆመ ቤት ምስል ነው፤ አንዳንዱን ለመጨረስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። የአትክልት ቦታው፣ የመስኮቱ መጋረጃ፣ የጡቡ ቀለም ሳይቀር በማስረጃ ተጣርቶ ይሠራል። ባቡሮቹ በዚህ መካከል ያልፋሉ፤ ዋናው ጉዳይ ግን የጠፋ ዓለምን በታማኝነት መመዝገብ ነው። ፔንደን ሞዴል መሥራት የታሪክ ጥናት ሊሆን እንደሚችል አስተምሯል። በመሆኑም የትውልድ አካባቢያቸውን የቀድሞ ጣቢያ መሥራት የሚሹ ሰዎች ከአሮጌ ፎቶ፣ ከካርታና ከሽማግሌዎች ትውስታ ይጀምራሉ።

ሦስተኛው የእንግሊዝ ምሳሌ የአንግሊካን ቄስ የነበሩት ፒተር ዴኒ መስመር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ የተሠራው ይህ መስመር ግሬት ሴንትራል የተባለው እውነተኛ ኩባንያ ወደ በኪንግሃም ከተማ ቅርንጫፍ ዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል። ዘመኑ በ1907 ገደማ ነው። ዴኒ ሎኮሞቲቩን፣ ፉርጎውን፣ ሐዲዱንና ሕንጻውን አብዛኛውን በእጃቸው ሠሩ፤ መኖሪያ በለወጡ ቁጥርም መስመሩ አብሯቸው ተጓዘ።

የበኪንግሃም መስመር በጥብቅ የጉዞ ሰሌዳ ይመራ ነበር። እንደ እውነተኛው ምድር ባቡር፣ የአንዱ ጣቢያ ሰው ለሌላው በደወል ምልክት ካላሳወቀ ባቡር አይነሣም። ሁለት ጣቢያ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ረዳት በማይኖርበት ጊዜ ችግር ነው። ዴኒ የሁለተኛውን ጣቢያ ሥራ ራሱ የሚያከናውን መሣሪያ ሠርተው በልጃቸው ስም አውቶማቲክ ክሪስፒን አሉት። መሣሪያው የደወሉን ምልክት ተቀብሎ መልስ ይሰጣል፤ ባቡሮቹንም ይቀበላል፣ ይልካል። የቤት ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። ትዕግሥትና ቀላል ቁሳቁስ ያለው ሰው ሙሉ የባቡር ድርጅት በቤቱ ሊመራ እንደሚችልም አረጋገጠ።

የጆን አለን ተራሮች

ስማቸው ከሁሉ ይበልጥ የሚነሣው ሞዴል ሠሪ በካሊፎርኒያዋ ሞንቴሬይ ይኖሩ የነበሩት ጆን አለን ሳይሆኑ አይቀሩም። በ1913 የተወለዱት አለን ሙያቸው ፎቶግራፍ ነበር። ጎሪ ኤንድ ደፌትድ የተባለውን መስመር በ1946 ትንሽ ጠረጴዛ በምታክል ስፍራ ጀመሩት። በ1950ዎቹ ወደ አዲስ ቤት ሲገቡ በምድር ቤቱ ሦስተኛውንና ትልቁን መስመር መገንባት ያዙ። ያችን የመጀመሪያዋን ትንሽ መስመር ግን አልጣሏትም፤ እንዳለች የትልቁ አካል አደረጓት።

አለን ሦስት ነገሮችን ለሙያው አስተምረዋል። የመጀመሪያው ቁመት ነው። ተራሮቻቸው ከወለሉ ተነሥተው ወደ ጣራው ይደርሱ ነበር። ድልድዮች በገደል ላይ ተደራርበው ይታያሉ፤ ጎብኚው ሸለቆው ውስጥ ገብቶ የቆመ ያህል ይሰማዋል። አንዳንድ ቦታ መስታወት ደብቀው በማስቀመጥ ጎዳናው የሚቀጥል፣ ከተማው የሚሰፋ አስመስለዋል።

ሁለተኛው የዕድሜ ምልክት ነው። በዚያ ዘመን የሞዴል ሎኮሞቲቭ ኩራቱ ማብረቅረቁ ነበር። አለን ግን በፎቶግራፍ ዓይናቸው እውነተኛ ባቡር ጥላሸት፣ ዝገት፣ አቧራና የዘይት እድፍ እንዳለበት አስተዋሉ። ፉርጎዎቻቸውን አስረጇቸው፤ የጣቢያ ግድግዳዎች ቀለማቸው ለቀቀ፤ የጎተራ ሳንቃዎች ነጩ። በመጽሔቶች የወጡት ፎቶዎቻቸው እውነተኛ ቦታ ይመስሉ ስለነበር ብዙ ሰው አሠራሩን ተከተለ። ዛሬ ሞዴልን በቀለምና በዱቄት ማስረጀት የማንኛውም ጀማሪ ትምህርት አካል ነው።

ሦስተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። ወዳጆቻቸው እየተሰበሰቡ አንዱ ባቡር ሹፌር፣ ሌላው የጣቢያ ኃላፊ፣ ሌላው የጠቅላላው እንቅስቃሴ አስተባባሪ ሆነው በሰዓት ይሠሩ ነበር። አለን ለዚህ ልምምድ የሚሆን ታይምሴቨር የተባለ ትንሽ ጨዋታም ፈጠሩ። በአምስት ሐዲድ ማቀያየሪያዎችና በጥቂት ፉርጎዎች ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ዓላማው ፉርጎዎቹን በአጭር ጊዜ ወደ ተመደበላቸው ቦታ ማድረስ ነው። በ1972 በሞዴል ሬልሮደር ታትሞ ወጣ፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚገባም እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ይሠራል።

አለን በጥር 1973 በድንገት አረፉ። ከቀናት በኋላ በቤቱ የተነሣ እሳት መስመሩን አወደመው። ፎቶዎቻቸውና ጽሑፎቻቸው ግን ተርፈዋል፤ ከሞቱ በኋላ ሊን ዌስትኮት ያዘጋጁት ስለ ሥራቸው የሚተርክ መጽሐፍም በ1981 ታትሟል። መስመሩን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ትውልድ ከእርሳቸው መማሩን የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከክፍሉ ግድግዳ ባሻገር

የጆን አለን ዓለም በራሱ የተሟላ ምናብ ነበር። በኦሃዮ ግዛት ዴይተን ከተማ የነበሩት አለን ማክሌላንድ ደግሞ ምናባዊውን ከእውነተኛው ጋር አገናኙ። ቨርጂኒያን ኤንድ ኦሃዮ የተባለው መስመራቸው በእውን ያልነበረ ኩባንያ ነው፤ ነገር ግን በአፓላቺያ ተራሮች የድንጋይ ከሰል የሚያጓጉዝ እውነተኛ ኩባንያ የሚመስለውን ሁሉ ይዟል። ከጎረቤት እውነተኛ ኩባንያዎች ጋር ፉርጎ ይለዋወጣል፤ ጭነቱም ከአሜሪካ ሌላ ጫፍ ይመጣል፣ ወደ ሌላ ጫፍ ይሄዳል።

ይህን ያስቻለው ከእይታ የተሰወረ የባቡር ማቆያ ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፎች፣ ከግድግዳ ጀርባ ወይም ከተራራው ሥር፣ በርካታ ትይዩ ሐዲዶች ይዘረጋሉ። የተዘጋጁ ባቡሮች እዚያ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ሲወጣ ከሩቅ ከተማ የመጣ ይመስላል፤ ሌላው ተመልሶ ሲገባ ወደ ሩቅ አገር ሄደ ይባላል። በዚህ ዘዴ አንድ ክፍል የትልቅ አህጉራዊ መረብ አንድ ቁራጭ ሆኖ ይታያል።

ማክሌላንድ በሌላም አቋማቸው ይታወቃሉ። ሁሉን ነገር ፍጹም ለማድረግ የሚጥር ሰው መስመሩን ሳይጨርስ ዕድሜው ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፉርጎና ቤት ከሩቅ ሲታይ የሚያሳምን ከሆነ በቂ ነው፤ ዋናው ነገር መስመሩ በሙሉ እንደ አንድ አካል መሥራቱ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስለ መስመሩ የወጡት ጽሑፎች ብዙዎችን አነሣሥተዋል። ጸሐፊው ቶኒ ኬስተር የሠሩት አሌጌኒ ሚድላንድ በቀጥታ የእነዚህ ጽሑፎች ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቃቅን ዝርዝር፣ እውነተኛ ቦታ፣ የኤሌክትሪክ ጥበብ

በቂ ነው የሚለውን ሐሳብ ሁሉም አልተቀበለም። በማሳቹሴትስ ግዛት ፒቦዲ ከተማ ጆርጅ ሴሊዮስ በ1985 የጀመሩት ፍራንክሊን ኤንድ ሳውዝ ማንቸስተር የተባለው መስመር በዝርዝር ብዛት ይታወቃል። ሴሊዮስ የሕንጻ ሞዴሎችን የሚያመርት ድርጅት የነበራቸው ሲሆን የጆን አለንን ሥራ እንደ አርአያ ያዩ ነበር። መስመራቸው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት የተጎዳውን የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ይወክላል። ግድግዳዎቹ ላይ የደበዘዘ የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ በየጥጉ የተከመረ ሣጥንና ቁርጥራጭ፣ በየደረጃው ላይ የቆሙ ሰዎች ይታያሉ። ተመልካቹ ዓይኑን የሚያሳርፍበት እያንዳንዱ ነጥብ ትንሽ ታሪክ አለው።

በካሊፎርኒያ የሳንዲያጎ ሞዴል ባቡር ሙዚየም ያለው የቴሐቻፒ መስመር ሌላ መንገድ መርጧል። የላ ሜሳ ክለብ አባላት የሠሩት ይህ የኤችኦ መስመር በ1876 የተጠናቀቀውን የቴሐቻፒ ተራራ መተላለፊያ ይከተላል። እዚያ ሐዲዱ ዳገቱን ለመውጣት ሙሉ ክብ ሠርቶ ራሱን በራሱ ላይ ይሻገራል። ረጅም የጭነት ባቡር ሲያልፍ ፊቱ ከጅራቱ በላይ ይታያል። በእውን ከ1.1 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ክብ በኤችኦ ልክ ወደ 13 ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለውን ነገር ሳያሳጥሩ መሥራት ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነው፤ ክለብ፣ የጋራ አዳራሽና የብዙ ዓመት ትብብር ይጠይቃል።

የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች በ1946 ያቋቋሙት የሞዴል ባቡር ክለብ ደግሞ ሙያው ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ያለውን ዝምድና ያሳያል። ከሳንቃው በላይ ባቡሮች ሲሄዱ፣ ከሥሩ ከስልክ ድርጅት የተገኙ ሪሌዎችና የሽቦ ጥልፍልፍ ይቆጣጠሯቸው ነበር። ያንን የቁጥጥር ሥርዓት ሲያሻሽሉ ከኖሩት አባላት መካከል ብዙዎቹ ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ገቡ። ከቀደምት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱ የሆነው የ1962ቱ ስፔስዋር ከፈጣሪዎቹ መካከል የክለቡ አባላት ይገኙበታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው ዲጂታል ቁጥጥር ደግሞ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ ቁጥር ስላለው፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ባቡሮችን ለየብቻ ማዘዝ ቀላል ሆኗል።

የሐምቡርጉ ድንቅ

በስፋት ከሁሉ የሚልቀው ሥራ የሚገኘው በጀርመኗ የወደብ ከተማ ሐምቡርግ፣ በአሮጌዎቹ የመጋዘን ሕንጻዎች ውስጥ ነው። ሚኒያቱር ዉንደርላንድ የተባለውን ይህን ስፍራ ፍሬደሪክና ገሪት ብራውን የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በነሐሴ 2001 ለሕዝብ ከፈቱት። በኤችኦ ልክ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1,000 በላይ ባቡሮችና ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ አለው። የጀርመን፣ የአሜሪካ፣ የስካንዲኔቪያ፣ የስዊዘርላንድና የጣሊያን ክፍሎች ተራ በተራ ተጨምረዋል። በ2007 በተከፈተው የስዊዘርላንድ ክፍል የማተርሆርን ተራራ ወደ 6 ሜትር ይደርሳል። የስካንዲኔቪያው ባሕር እውነተኛ ውኃ ነው፤ መርከቦች ይሄዱበታል። በ2011 የተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ ስድስት ዓመት የፈጀ ሲሆን፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ተንደርድረው ይነሣሉ፣ ያርፋሉ። በ2021 ደግሞ በቦይ ላይ የተዘረጋ ድልድይ ዋናውን ሕንጻ ከማዶው መጋዘን ጋር አገናኝቶ የደቡብ አሜሪካ ክፍል ተከፈተ።

ስፍራውን በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው የሚጎበኘው በስፋቱ ብቻ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ በየ15 ደቂቃው ይመሻል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ መብራቶች ይበራሉ። መኪናዎች በመንገዱ ሥር የተቀበረ ሽቦ እየተከተሉ ይነዳሉ፤ የእሳት አደጋ መኪኖችም የሚነድ ቤት ለማጥፋት ይወጣሉ። ጎብኚው ከ200 በላይ ቁልፎችን እየተጫነ ትዕይንቶቹን ራሱ ያንቀሳቅሳል። ስለ ባቡር ግድ የማይሰጠው ሰው ሳይቀር ከሚታየው ሕይወት አንድ የሚማርከው ነገር ያገኛል። ከዚህ መስመር የተማሩ የቤት ሠሪዎች ብርሃንን፣ እንቅስቃሴንና የሰዎችን የዕለት ኑሮ ከባቡሩ እኩል ማሰብ ጀምረዋል።

ከታላላቆቹ ወደ ትንሹ ክፍል

እነዚህ ሥራዎች ሲነጻጸሩ እርስ በርስ የሚጣረሱ ይመስላሉ። ፔንደን ያለ ማስረጃ አንድ ጡብ አያስቀምጥም፤ ማክሌላንድ ከሩቅ የሚያሳምን ነገር ይበቃል ይላሉ። ሴሊዮስ ዝርዝር ይደራርባሉ፤ ዴኒ ሰዓትና ደወል ያስቀድማሉ። ሁሉንም የሚያስማማቸው እያንዳንዱ ሠሪ መስመሩ ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ዓላማው ሲታወቅ የሚቀረውንና የሚቆየውን መለየት ይቀላል፤ ቦታና ገንዘብም ለሚያስፈልገው ይውላል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ታላቁን መስመር አሳንሶ መቅዳት አይደለም። መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመንና አንድ የባቡር ሥራ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ቡና የሚጫንበት የገጠር ጣቢያ ወይም ከወደብ አጠገብ ያለ መጋዘን። ቀጥሎ ልኩ ከክፍሉ ስፋት ጋር ይመዘናል። ከዚያም በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚገባ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሐዲድ ማቀያየሪያ የሚሠራ፣ በአንድ ጫፉ የተሰወረ ማቆያ ያለው አጭር መስመር ይዘረጋል። የሚያስፈልገው እንጨት፣ ካርቶን፣ ጄሶና ቀለም በየትኛውም ከተማ ይገኛል፤ በገንዘብ የሚከብዱት ሎኮሞቲቩና ሐዲዱ ናቸው፤ እነሱም ቀስ በቀስ ይሟላሉ።

ትንሽ መጀመር ለኋላው ሥራ እንቅፋት አይሆንም። ጆን አለን በ1946 የሠሯት ጠባብ መስመር በኋለኛው ታላቅ መስመር ውስጥ ቦታዋን ይዛ ስታገለግል ኖራለች። በመደርደሪያ ላይ የተሠራ አንድ ጣቢያም በልኩና በዓላማው የተሟላ ከሆነ፣ ቦታ በተገኘ ጊዜ የሰፊው መስመር የመጀመሪያ ጣቢያ ይሆናል።